ጥር ሳይገባ፦ በሰሜን ሸዋ የበዓል ቀን ለአሠሪም ለሠራተኛም እንዳይጎረብጥ

ከዓመታት በፊት እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ የግንባታ ሳይት ላይ ታይም ኪፐር ነበርኩ። የአንደኛ ፎቅ ሶሌታ፣ ማለት የኮንክሪት ወለሉ፣ የሚሞላበት ቀን ተቆረጠ። ካሳፎርሙ ተሠርቶ አልቋል፣ ፌሮው ታስሯል፣ ሲሚንቶው ገብቷል፣ ሚክሰርና ቫይብሬተር በኪራይ መጥተዋል። የተቆረጠው ቀን ጥር 7 ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደብተሬን ይዤ ስም ልጠራ ስቆም ከ40 የቀን ሠራተኛ 11 ብቻ መጥቷል። ለሌላው ሰው ቀኑ ሥላሴ ነው። ታቦት ይወጣል፣ ንግሥ ነው፣ ከየገጠሩ ዘመድ ይመጣል፣ ቤት ውስጥ ጠላው ተጠምቋል።

የመጡት ሰዎች እስከ ማታ ለፉ። ሶሌታው ግን ግማሹ ሳይሞላ መሸ። በማግስቱ ተቀጠለ፣ መጋጠሚያው ላይ ክረምት ሲገባ ውሃ አስገባ። በሥላሴ ዕለት ቀርተው በማግስቱ የመጡትን ሠራተኞች አሠሪው በንዴት ከበር መለሳቸው። አንደኛው፣ ጎልማሳ ሰው፣ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ሥላሴ መሆኑን አታውቁም ነበር እንዴ?» አለኝ። ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። እናውቅ ነበር። ማንም ግን ቁጭ ብሎ አልተነጋገረበትም። እሱ የእንጀራው ቀን ቀረበት፣ አሠሪው ገንዘቡን ከሰረ፣ ሁለቱም ተበድያለሁ ብለው ተለያዩ።

አሁን የራሴ ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ። በርና መስኮት እንሠራለን። ከዚያ ቀን ወዲህ የያዝኩትን አሠራር ነው የምጽፈው። ትንሽ ድርጅት ላላችሁ፣ ዳቦ ቤት፣ ጋራዥ፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ ሆቴል ለምታስተዳድሩ፤ ደግሞም ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ።

መጀመሪያ ቀኖቹን ለዩ

ሁሉም ሰው «በዓል ነው» ይላል። በሕግ ዓይን ግን ሦስት የተለያዩ ቀኖች ናቸው፤ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚመጣውም እነሱን ከማደባለቅ ነው።

የመጀመሪያው በአገር አቀፍ ሕግ የታወቀ የሕዝብ በዓል ነው። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ስቅለት፣ ፋሲካ፣ የሠራተኞች ቀን፣ የአርበኞች ቀን፣ መውሊድ፣ ኢድ አልፈጥር፣ ኢድ አልአድሃ፣ እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል። እነዚህ ላይ ክርክር የለም። ደመወዝ የሚከፈልባቸው የዕረፍት ቀኖች ናቸው።

ሁለተኛው ክልሉ ወይም ዞኑ ወይም ከተማው «ዛሬ ዝግ ነው» ብሎ የሚያሳውቀው ቀን ነው። አንዳንዱ በየዓመቱ የሚመጣ የአካባቢ በዓል ነው፣ አንዳንዱ በአንድ ጉዳይ ምክንያት የሚታወጅ ነው። እዚህ ላይ አሠሪው «የመንግሥት ቢሮ ተዘጋ እንጂ እኔን አይመለከተኝም» ይላል፣ ሠራተኛው «ታውጇል» ይላል። ማድረግ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ ማስታወቂያውን ራሱን አንብቡ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው የሚለው ወይስ ለሁሉም? በሬዲዮ ሰማሁ ወይም ፌስቡክ ላይ አየሁ ብቻ በቂ አይደለም። ደብዳቤው በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ በሚያየው ጽሕፈት ቤት ይኖራል፤ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ከተቻለ ኮፒውን ያዙ። እስክታጣሩ ድረስ ሠራተኛ አትቅጡ፣ ደመወዝም አትቁረጡ።

ሦስተኛው ማንም ሳያውጀው ሁሉም የሚያከብረው ቀን ነው። እኛ አገር ትልቁ ይሄ ነው። ከተራ ጥር 10 ነው፣ በሕግ በዓል አይደለም፣ ከሰዓት በኋላ ግን መንገዱ ሁሉ ነጭ ለብሷል። ጥር 12 የቃና ዘገሊላ ነው፣ የሚካኤል ታቦት የሚገባበት፣ እሱም ከሕጉ ዝርዝር ውስጥ የለም። ጥር 7ም ሐምሌ 7ም ሥላሴ ነው። ጥር 18 ሰባር አጽሙ ጊዮርጊስ፣ ጥር 21 አስተርዮ ማርያም። አንድ ወር ውስጥ ስንት ሆነ? ከእነዚህ ሁሉ ሕጉ የሚያውቀው ጥር 11ን ብቻ ነው።

በየወሩ ደግሞ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 በዓለ እግዚአብሔር ግዝት ናቸው። ገጠር የሚኖር ሰው በእነዚህ ቀኖች በሬ አይጠምድም። ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከቡልጋ ወደ ከተማ ለቀን ሥራ የሚመጣው ልጅ ያደገው እንዲህ ነው፤ ከተማ ገባ ብላችሁ «በዓል ሻር» ብትሉት ልቡ አይቀበልም። ሌላው ደግሞ ያለምንም ቅሬታ ይሠራል። ሰው በሰው ይለያያል፣ ስለዚህ መጠየቅ ነው።

ሰሜን ሸዋ ስንል ደግሞ ሁለት ዞን እንዳለ አትርሱ። አንዱ በአማራ ክልል ነው፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን። ሌላው በኦሮሚያ ክልል ነው፣ ዋና ከተማው ፍቼ። ደብረ ብርሃን ቢሮ ኖሯችሁ ፍቼ ወይም ገብረ ጉራቻ ሳይት ካላችሁ ሁለት ክልል ነው የምትሠሩት። እኔ የምከተለው ሥራው የሚሠራበትን ቦታ ነው። ሠራተኛው ፍቼ ሆኖ እየሠራ ከሆነ እዚያ የታወጀው ቀን ነው የሚመለከተው፣ ደሞዙ ከደብረ ብርሃን ስለተላከ ነገሩ አይለወጥም። ይህንን በውሉ ላይ በአንድ መስመር አስገቡት፤ «የክልል በዓልን በተመለከተ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ይታያል» ብላችሁ።

ዕቃ የምታስመጡና የምትልኩም የሌላውን ክልል ቀን ማወቅ አለባችሁ። ኢሬቻ በአዲስ አበባ ቅዳሜ፣ በቢሾፍቱ እሁድ ከመስቀል በኋላ ይከበራል፤ በዚያ ሰሞን በዚያ መስመር መኪና መላክ ሾፌሩን መንገድ ላይ ማሳደር ነው። ሐዋሳ የምትልኩ ከሆነ የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ አለ፤ ቀኑ በየዓመቱ በአያንቱዎች፣ ቀን በሚቆጥሩ የአገር ሽማግሌዎች፣ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ደውላችሁ ጠይቁ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ደግሞ ሰቆጣና ላስታ በኩል ሻደይና አሸንድዬ ነው። ሾፌራችሁ የእዚያ አገር ልጅ ከሆነ በዚያ ሰሞን ቤቱ መሆን ይፈልጋል።

ሒሳቡ

አሁን ገንዘቡ ላይ እንምጣ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አሁን የምንሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የድሮውን 377/96 ይዘው እስካሁን የሚያሰሉ አሉ። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ተለውጧል፣ ስለዚህ ጣሉት።

በወር ደመወዝ የሚከፈለው ሰው በሕዝብ በዓል ቀን ስላልሠራ ከደመወዙ አምስት ሳንቲም አይነካም። ይሄ ግልጽ ነው። በቀን ወይም በሥራ መጠን የሚከፈለው ግን ጉዳዩ በውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ነው የሚወሰነው። ውሉ ዝም ካለ ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ የቀን ሠራተኛም ቢሆን አንድ ገጽ ውል ይኑረው። እኔ ከሦስት ወር በላይ አብሮኝ ለቆየ የቀን ሠራተኛ የሕግ በዓላትን እከፍላለሁ፣ ውሉ ላይም ጽፌዋለሁ። ሕግ አስገድዶኝ አይደለም፤ ገናና ፋሲካ ላይ ባዶ እጁን ቤቱ እንዲገባ ስለማልፈልግ ነው።

በበዓል ቀን ከሠራስ? ለእያንዳንዱ ሰዓት የሰዓት ደመወዙ እጥፍ ይከፈለዋል። የሰዓት ደመወዝ እንዴት ይወጣል? በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሠራል፤ 48 ሲባዛ በ52፣ ሲካፈል ለ12 ማለት ነው። የወር ደመወዙ 8,320 ብር ከሆነ ለ208 ሲካፈል በሰዓት 40 ብር ነው። ጥምቀት ቀን 8 ሰዓት ከሠራ 8 ሲባዛ 40 ሲባዛ 2፣ 640 ብር። በእኔ አሠራር ይሄ በወር ደመወዙ ላይ ተጨምሮ የሚከፈል ነው፤ ቀኑ ባይሠራም ደመወዙ የእሱ ነበርና። ከ8 ሰዓት አልፎ ሁለት ሰዓት ከጨመረ ደግሞ ያ የበዓል ቀን ትርፍ ሰዓት ነው፣ በ2.5 ይባዛል። 2 ሲባዛ 40 ሲባዛ 2.5፣ 200 ብር። እጥፍና 2.5 የሚደባለቁት እዚህ ላይ ነው፤ መደበኛው ሰዓት በእጥፍ፣ ከዚያ ያለፈው በ2.5።

በዓሉ ከሌላ በዓል ጋር ወይም ከሳምንት ዕረፍት ጋር ከተገጣጠመስ? አንድ ክፍያ ብቻ ነው። ፋሲካ ሁልጊዜ እሁድ ነው። ፋሲካ ላይ የሠራ ሰው የእሁዱንም የበዓሉንም ደርቦ መጠየቅ አይችልም።

የደመወዝ መክፈያው ቀን በዓል ላይ ወይም እሁድ ላይ ከዋለ ከዚያ በፊት ባለው የሥራ ቀን ነው የሚከፈለው። «ከበዓል በኋላ ኑ» ማለት አይቻልም። ሕጉን ተዉትና እንኳ፣ በጉ፣ ዶሮው፣ ቅቤው የሚገዛው ከበዓሉ በፊት ነው። ባንክ ስለሚጨናነቅ እኔ ከሦስት ቀን በፊት እጨርሳለሁ።

ላልታወጀው በዓል መላ

ወደ ሥላሴው ልመለስ፣ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ጥር 7 በሕግ በዓል ስላልሆነ እጥፍ ክፍያ የለም፣ የቀረም ሰው የቀረ ነው። ይሄ ሕጉ ነው። ግን ከሠራተኞቻችሁ ውስጥ አብዛኛው እንደማይመጣ ካወቃችሁ ሕጉን ይዞ በር ላይ መቆም ምን ይጠቅማል? እኔ የምጠቀምባቸው ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛውና የምወደው ሰዓት ማካካስ ነው። አዋጁ የሳምንቱ ሰዓት ለቀኖቹ እኩል ይደልደል ይላል፣ ነገር ግን የሥራው ባሕርይ ሲጠይቅ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን ለሌሎቹ ቀኖች ማከፋፈል ይፈቅዳል፤ ገደቡ በአንድ ቀን ከ8 ሰዓት ላይ ከ2 ሰዓት በላይ አለመጨመር ነው። በዚህ መልኩ የተጨመረው ሰዓት ትርፍ ሰዓት አይባልም። ስለዚህ ጥር 7 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ብቻ ከሠራን 4 ሰዓት ጎደለ። በዚያው ሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ጨምረን እንሞላዋለን። ሙሉ ቀን ከዘጋን 8 ሰዓት ነው፣ አራት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት። ማንም ደመወዝ አይቀነስበትም፣ ሥራውም አይጎድልም። ይህን ግን ቀኑ ሲደርስ ሳይሆን ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ጻፉ፣ አስፈርሙ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ብርድ ነው፣ የደብረ ብርሃንን የጥር ማታ ታውቁታላችሁ፣ ሰው አምሽቶ የሚሠራው ደስ ብሎት ሲሆን ነው። ስለዚህ እኔ ከማምሸት ይልቅ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ምሳ ላይ ግማሽ፣ ማታ ግማሽ እያደረግኩ እከፋፍለዋለሁ።

ሁለተኛው የዓመት ፈቃድ ነው። በሕጉ አንድ ሠራተኛ አንድ ዓመት ሲሞላው 16 የሥራ ቀን ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ከፋፍሎ መስጠት ይቻላል። ግንቦት 12 ደብረ ሊባኖስ ለተክለ ሃይማኖት መሄድ የሚፈልግ አለ፣ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የሚገባ አለ። እነዚህ የአንድ ቀን ጉዳይ አይደሉም፣ መንገድም አለው፣ ሱባኤም አለው። ለእነዚህ ፈቃድ ነው መሙላት። አሠሪ የሆናችሁ ግን አንድ ነገር አታድርጉ፦ እናንተ በራሳችሁ ውሳኔ ቤቱን ዘግታችሁ ከሁሉም ሰው ፈቃድ ላይ ዝም ብላችሁ አትቀንሱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሠራተኛ የሚጎዳው እዚህ ነው። ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በራሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ከዋለ ደመወዙን ያገኛል፣ አዋጁ እንዲህ ይላል። አሠሪው «ዛሬ ሥላሴ ነው፣ ዝግ ነው» ብሎ ራሱ ከዘጋ፣ ሙስሊሙ ሠራተኛ፣ ፕሮቴስታንቱ ሠራተኛ፣ ሌላም ልሥራ ብሎ የመጣ ሰው ቀኑን ሊነጠቅ አይገባም። ወይ ሥራ ስጡት፣ ወይ ክፈሉት፣ ወይ ቀድሞ በተስማማበት መንገድ አካክሱ። የቀን ሠራተኛን በር ላይ አቁሞ «ዛሬ የለም» ብሎ መመለስ፣ ትናንት ማታ ሳይነገረው፣ የታክሲውን ከፍሎ መጥቶ፣ እኔ ይህን ማየት አልወድም። ማስታወቂያው ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ይለጠፍ።

ሦስተኛው መንገድ መተካካት ነው። ከሸዋሮቢት እስከ አጣዬ፣ ወደ አንኮበር ቆላውም፣ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ ነው የሚሠራው። «እናንተ በታቦቱ ቀን ሸፍኑልን፣ እኛ በኢድ እንሸፍናለን» የሚባል ጥሩ ልማድ አለ። እወደዋለሁ። ግን ሒሳቡን አስተውሉ። ኢድ በሕግ በዓል ነው፤ ኢድ ቀን የገባው ክርስቲያን እጥፍ ይከፈለዋል። ሥላሴ ቀን የገባው ሙስሊም ግን የተለመደውን ነው የሚያገኘው። ሁለቱም ለጓደኛቸው ብለው ሸፈኑ፣ አንዱ ግን ከሌላው ያነሰ ነው ያገኘው። ይሄ ማንም ሳያስበው ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል፣ ሆድ ውስጥ ግን ይቀራል። ስለዚህ የሕግ በዓልን በሕግ በዓል ቀይሩ፦ ገናና ጥምቀትን አንዱ ወገን፣ ሁለቱን ኢዶች ሌላው ወገን፤ ሁሉም እጥፉን ያገኛል። የታቦቱን ቀን ደግሞ በጁምዓ ሰዓት ቀይሩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንኳ ዓርብ ለጁምዓ የምሳውን ሰዓት ያረዝማል። ወይም በረመዳን የማታውን ፈረቃ ክርስቲያኑ ይያዝ፣ ጾመኛው ለማፍጠሪያ ቤቱ ይድረስ። እንዲህ ሲሆን ሚዛኑ ይስተካከላል።

ደግሞም ሰውን በሃይማኖቱ ምክንያት መለየት በሕጉ የተከለከለ ነው፣ በሃይማኖቱ ምክንያት ማሰናበትም እንዲሁ። ለአንዱ ታቦት ፈቅዶ ለሌላው ጁምዓ መከልከል በመጨረሻ እዚያው ነው የሚወስደው።

ሠራተኛ ለሆናችሁ

ዝም ብላችሁ አትቅሩ። ልባችሁ ንጹሕ ቢሆንም፣ ለታቦት ብላችሁ ቢሆንም። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሠራተኛ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ከቀረና ያ መቅረት ከሕጉ ፈቃዶች በአንዱ የማይሸፈን ከሆነ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት ይችላል። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል፣ ጥር 7፣ ጥር 12፣ ጥር 21፣ አንድ የማኅበር ቀን ጨምሩበት፣ አምስት ሞላ። ሁለት ወር እንኳ አልሆነም።

ስለዚህ ዓመቱ ሲገባ የራሳችሁን ቀኖች ጻፉ። ሁሉንም አይደለም፣ የማትተዉትን። የደብራችሁ ዓመታዊ ንግሥ፣ የጽዋ ማኅበሩ ተራ እናንተ ጋር የሚደርስበት ወር፣ የአባታችሁ ተዝካር ካለ እሱ። ለአለቃችሁ በወረቀት ስጡ፣ ኮፒውን ያዙ። እኔ ጋር አንዲት ብየዳ የምትሠራ ልጅ አለች፣ መስከረም ላይ አምስት ቀን ጽፋ ሰጠችኝ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ተከራክረን አናውቅም።

ቀርታችሁ ከሆነ ደግሞ መብታችሁን እወቁ። ያልሠራችሁበት ቀን ላይከፈላችሁ ይችላል። «የሦስት ቀን ተቀጥተሃል» ብሎ ከደመወዝ መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በጽሑፍ ስምምነታችሁ ካልሆነ ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። ደንቡ የት አለ ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ።

የቅርብ ዘመድ ሞቶባችሁ ከሆነ ከበዓል ጋር አታደባልቁት፤ ለኀዘን ሦስት የሥራ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለ።

የቀን መቁጠሪያውን ሥሩ

ጳጉሜን ላይ ነው የምሠራው። አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ሦስት ቀለም። በቀይ የሕግ በዓል፣ በሰማያዊ የአካባቢያችን ንግሥ፣ በጥቁር ርክክብ ያለበት ቀን። ሦስቱ ሲጋጩ ያኔ ይታያል። ደንበኛ «ጥር 8 በሬን አድርሱልኝ» ሲለኝ ወረቀቱን አይቼ ጥር 5 ወይም 15 እለዋለሁ። ደንበኛውም የዚሁ አገር ሰው ነው፣ ይገባዋል።

ቀን ስትሞሉ የሚያታልሉ አሉ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይሆናል፤ ባለፈው በ2016 እንዲህ ነበር፣ ቀጥሎ 2020 ነው። ፋሲካ ይዘዋወራል፣ ስቅለትም አብሮት፤ ስቅለት ሁልጊዜ ዓርብ፣ ቅዳሜውም የፋሲካ ዋዜማ ስለሆነ ያ ሳምንት የአራት ቀን ሥራ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ከፋሲካው ማግሥት ሰኞም ገጠር የሄደው ሰው አልተመለሰም። ኢዶቹና መውሊዱ በጨረቃ ስለሆኑ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀደም እያሉ ይመጣሉ፣ የኢድ አልፈጥር የመጨረሻው ውሳኔም ከዋዜማው ነው የሚታወቀው። በተገመተው ቀንና በማግሥቱ ርክክብ አትያዙ፣ አርማታ አትሙሉ፣ ዳቦ ቤት ከሆናችሁ ግን ለዋዜማው ዱቄት አስቀድማችሁ ያዙ።

የግንባታ ሰዎች፣ እናንተ ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ። ሥራችሁ የሚጦፈው ከኅዳር እስከ ግንቦት ነው፣ ንግሡም የሚበዛው እዚያው ውስጥ ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የቀን ሠራተኛው ወደ አጨዳ ይሄዳል። ሶሌታ መሙላት የማያቋርጥ ሥራ ነው። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ፎርማኑን ሳይሆን ሠራተኞቹን ራሳቸውን ጠይቁ፦ «በዚህ ቀን ማን ይመጣል?» ብላችሁ እጅ አስወጡ። ፎርማኑ አለቃውን ላለማስቀየም «ይመጣሉ» ይላል።

ዘበኛው

ሁሉም ሲያርፍ የማያርፈው ዘበኛው ነው፣ በሒሳብም የሚረሳው እሱ ነው። በብዙ ግቢ «እሱ ደመወዙ እኮ ወር ሙሉ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አዋጁ ግን እሱንም ሠራተኛ ነው የሚለው። የወር ደመወዙ 4,160 ብር የሆነ ዘበኛ የሰዓቱ 20 ብር ነው። ገና ቀን ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ከዋለ 8ቱ መደበኛ ነው፣ 8 ሲባዛ 20 ሲባዛ 2፣ 320 ብር። የቀረው 4 ሰዓት ትርፍ ነው፣ 4 ሲባዛ 20 ሲባዛ 2.5፣ 200 ብር። ድምር 520። ትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ አንድ ሰው ብቻውን በየቀኑ 12 ሰዓት የሚጠብቅበት ግቢ በሦስት ቀን ገደቡን ይሞላል። ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው።

የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ ውስጥ የለችም። ቢሆንም የበዓል ቀኗን አሁኑኑ ንገሯት፣ መቼ ወደ አገሯ እንደምትሄድ አብራችሁ ወስኑ፣ የትራንስፖርቱንም አስቡበት።

እኛ ግቢ ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፣ የመንዝ ሰው። ፋሲካን ቤታቸው እንዲያሳልፉ ከሁለት ዓመት ወዲህ ሌሊቱን የምንጠብቀው እኔና አንድ ሙስሊም ብየዳ ሠራተኛችን በየተራ ነው። እሱ ኢድ ላይ አይገባም፣ የፋሲካውም ሌሊት ተቆጥሮ ይከፈለዋል፣ ደብተሩ ላይ በቀይ ተጽፏል። ሽማግሌው ሰኞ ጠዋት ሲመለሱ ድፎ ዳቦና አረቄ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ዳቦው ለእሱ፣ አረቄው ለሌሎቻችን። የዘንድሮውን ተራ ጳጉሜን ላይ ስንሞላ እሳቸው ራሳቸው መጥተው ከወረቀቱ ላይ ቀናቸውን በጣታቸው አሳዩን።